ላላዋጡት የሚወርደው በረዶ

ውድ ወንድሜ መርዕድ፣

ከካርቱም የላክኸውን ደብዳቤ ራሴ አነበብኩት። በስተርጅናዬ ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ይህንንም በገዛ እጄ እየጻፍኩልህ ነው። ስለዚህ ቃሌን የሚያለሳልስልህ ጸሐፊ የለም።

«ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ለበረዶ መላሽ ማን ይከፍላል?» ብለህ ጠይቀሃል። ከፋዩ ሞልቷል። ሐምሌ ላይ የወረደው በረዶ የሰፈራችንን የካስልሪጅን መኪና ሁሉ ቀጥቅጦ፣ የማኅበራችንን ሊቀመንበር የመኳንንትን ታክሲ መስታወት ካረገፈ ወዲህ ወሬው ሁሉ አንተ ነህ። አገር ቤት ደመና ስትመልስ ያየህ ተድላም መስክሮልሃል።

ባለፈው እሁድ ሁለቱም ቤቴ መጡ።

«እትዬ የዓለምወርቅ፣ እርስዎ ስፖንሰር ሆነው ይፈርሙ እንጂ ቀለቡንና የቤት ሬንቱን እኛ እናዋጣለን» አለኝ መኳንንት።

«ሥራውስ?»

«ሰማይ ማየት ነዋ። ከዚህ የተሻለ ሺፍት ማን አግኝቶ?»

«የሚመልሰው በረዶ የት ይወርዳል?»

«ወደ ኤርፖርቱ ይሂድ።»

«አንተ ታክሲህን የምታቆመው የት ሆነና?» አለው ተድላ። ተሳሳቁ።

«እንግዲያው ማኅበርተኛ ወዳልሆነው ይሂዳ» አለ መኳንንት።

ከእኔ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ረሂማ ናት። በየጠዋቱ ሥራ የምታደርሰኝም እሷ ናት። ሙስሊም ስለሆነች የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ውስጥ የለችበትም። «እሷስ?» አልኩት።

«ማን ከለከላት? ታዋጣ።»

ይህን ንግግር አውቀዋለሁ። አፀደን ታስታውሳታለህ? በሬዋ ሞቶባት፣ አውድማ ላይ የሚሰፈርልህን ቁና መስጠት ያቃታት ባልቴት። በትርህን አንስተህ ደመናውን እንደ ከብት ስትነዳው የእኛን ማሳ አልፎ የእሷ ገብስ ላይ ተዘረገፈ። «ምን ላድርግ፣ አልሰጠችም» አልክ። ልጆቿን ይዛ ለልመና ወጣች፤ ያንተ ጎተራ ሞላ። ለነገሩ መንደሩ የሚሰፍርልህ ብቻውን መች በቃህ? በረዶ መላሽ ብረት ከነካ የመመለስ ሀብቱ ይሸሸዋል ተብሎ አንተ የቄስ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ በአንተ ፈንታ ማጭድ የጨበጥኩት እኔ ነኝ። ያንን ማን ሰፈረልኝ?

ችሎታህን አልጠራጠርም። ብጠራጠር ይቀለኝ ነበር። በዚህ አገር እሳት አጥፊውም ደመወዙን የሚያገኘው ከሕዝብ ታክስ ነው፤ ነገር ግን የአንዱን ቤት እሳት አንስቶ ጎረቤቱ ላይ አይወረውርም።

እንግዲህ ቁርጡን ስማ። የማኅበሩን መዋጮ እምቢ ብያለሁ፤ መኳንንትም ተቀይሞኛል። ስፖንሰር የምሆንህ ለወንድምነትህ ነው። እኔ የምሠራበት ሥጋ ፋብሪካ ሰው ይፈልጋል፤ መጥተህ ቢላዋ ትይዛለህ። ብረቱ ምን እንደሚያሳጣህ አውቄ ነው የምጠይቅህ። አልፈልግም ካልክ ወረቀቱ ሳይፈረም ይቀራል፤ እህትነቴ እንዳለ ነው፣ ከዚያ በላይ ግን ከእኔ አትጠብቅ።

እሺ ካልክ በማግስቱ እፈርማለሁ። ረሂማ ጓሮዋ ውስጥ ጎመን ተክላለች። በመጪው ሐምሌ ሰማዩ ሲጠቁር እኔና አንተ ብርድ ልብስ ይዘን ወጥተን እንሸፍንላታለን። በረዶው አናታችንን ይቀጥቅጠን፤ ከሰው ጋር ነው።

መልስህን የምትጠብቅ እህትህ፣
የዓለምወርቅ