ማክሰኞና ዓርብ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.
ንፋስ መውጫ

አባታችን የኔታ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ውሃ አልጠጡም ነበር።

ውድ ወንድሜ ቄስ ቀለመ ወርቅ፣

«ውድ» ያልሁህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ሰው ፊት «እርስዎ» እልሃለሁ፣ መስቀልህንም እሳለማለሁ። እዚህ ግን ሰው የለም። በስድስት ዓመት እበልጥሃለሁ፣ አዝዬም አሳድጌሃለሁ። ስለዚህ አንተ እልሃለሁ።

እኛ ቤት ሁለት ሰው ነው ያለው፤ አባታችንና እኔ። አንተም ይህንኑ ቆጥረህ ነው የፈረድህብኝ። «ሁለት ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ካጠበ ይተርፈዋል። እኛ ሰባት ነፍስ ሆነን ዓለሚቱ በሳምንት አንድ ቀን ነው የምታጥበው» አልህ። ዓለሚቱ በሳምንት ስንት ቀን እንደምታጥብ አታውቅም። አንተ የምታውቀው ታጥፎ ሣጥን ላይ የተቀመጠውን ነው። ሚስትህን እንዳትጠይቃት፤ ምን ብላ እንደምትመልስልህ ከብዙ ጊዜ በፊት አስባ ጨርሳለች።

የእኛን ቤት እጥበት ልንገርህ። የኔታ ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ሽንታቸውን አይቆጣጠሩም። ይህን ሰምተሃል፤ «እግዚአብሔር ይማራቸው» ብለሃል። ሌሊት አንድ አንሶላ ይረጥባል፣ ቀን አንድ። አንዳንድ ቀን ጋቢውም ይጨመራል። ያለን አራት አንሶላና ሁለት ጋቢ ነው። ዛሬ የረጠበው ዛሬ ካልታጠበ ከነገ ወዲያ የሚነጠፍ የለም። የዚህን አገር ብርድ ታውቀዋለህ፤ አንሶላ በአንድ ቀን ፀሐይ ከደረቀ ዕድል ነው። ስለዚህ በየቀኑ አጥብ ነበር። እሁድም፣ በበዓልም። በበዓል ቀን ሰው ከቅዳሴ ሳይመለስ አጥቤ ከጓሮ አሰጣ ነበር እንጂ ደጅ አውጥቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ብቻ አወጣሁ። የጓሮው ገመድ ተበጥሶ ነበር። ቀኑ ጥቅምት ፳፯ መድኃኔዓለም ሆነ፤ አንተም ያን ዕለት ከደብርህ ከአርብ ገበያ ሁለት መምህራን አስከትለህ መጣህ።

ገና ከአጥሩ ሳትገቡ ውብነሽ ጮኸች። ውብነሽ ከእኔ ጋር አንድ ቧንቧ የምትጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ምላሷን ታውቀዋለህ።

«እንኳን ደህና መጡ አባ! እኅትዎ መስታወት ለክብርዎ ሰንደቅ ሰቅላለች፤ ያውም ሁለት!»

ከእንግዶችህ አንዱ ሳቀ። የአንተ ፊት ጠቆረ። ቤት ገብታችሁ፣ ጠላ ቀርቦላችሁ፣ አባትህን እንኳ በወጉ ሳትጠይቅ ወደ እኔ ዞርህ።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«መድኃኔዓለም።»

«ያ ደጅ ያለው ምንድን ነው?»

«የአባትዎ አንሶላ።»

«አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። አንሶላቸው በበዓል ቀን ለመንገደኛ አይታይም።»

«ለመንገደኛ አላሰጣሁትም። ለፀሐይ ነው ያሰጣሁት።»

ይህን ባልመልስልህ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ይሆናል። እንግዶችህ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ተነሣህ፣ መስቀልህን አወጣህ። «ከዛሬ ጀምሮ መስታወት ከማክሰኞና ከዓርብ በቀር፣ በዓል ከዋለባቸው ደግሞ በእነሱም፣ ለማጠብ እጇን ሳፋ ውስጥ ብታስገባ በጴጥሮስ ሥልጣን ገዝቻለሁ» አልህ።

የኔታ ከአልጋቸው ሆነው «ተው ልጄ፣ ቸኮልህ» አሉህ። አልሰማሃቸውም። ጆሮህ እንግዶቹ ዘንድ ነበር።

የአባትህ ሽንት አይደለም ያሳፈረህ። መታየቱ ነው።

ቤተ ልሔም ድጓ ስትማር ልብስህን ማን ያጥብልህ እንደነበር ታስታውሳለህ? በየአሥራ አምስት ቀኑ በእግሬ እየመጣሁ፣ ከነቅማሉ ተሸክሜ ተመልሼ፣ በእንዶድ አሽቼ፣ አድርቄ አመጣልህ ነበር። ቀኑ በዓል ነው ወይ ብለህ አንድም ጊዜ ጠይቀኸኝ አታውቅም። «እጀ ጠባቡ አልነጣም» ብለህ ግን መልሰኸኛል።

እኔስ ምን አደረግሁ? የገዘትህበትን መስቀል ተሳለምሁ። ራሴን ይቅር ያላልሁት በዚህ ነው።

በማግስቱ ዓርብ አማኑኤል ነው ብዬ ተውሁ። ኅዳር ፪ ማክሰኞ አጠብሁ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልህ፤ ካህን አይደለህ? በእነዚያ ቀናት ደስ ብሎኝ ነበር። የጣቶቼ ስንጥቅ ገጠመ። ከወገቤ ቀና ብዬ ሄድሁ። አንሶላውም ደረቅ ሆኖ ያድር ጀመር፤ በመጀመሪያ በሁለት ቀን አንዴ ብቻ ረጠበ፣ ኋላ ምንም። ተሻላቸው አልሁ። ለውብነሽም ነገርኋት። «አየሽ፣ የካህን ቃል!» አለችኝ። እኔም አሜን አልሁ። ሰውዬው እጄ ላይ እየደረቁ እኔ ስለ ደረቀ አንሶላ አመሰገንሁ።

ኅዳር ፭ ዓርብ አቦ ነበር። ፮ ቁስቋም። ፯ ሥላሴ፣ እሁድም ነው። ፰ አርባዕቱ እንስሳ። ከማክሰኞው ወዲያ ስድስት ቀን ሙሉ ሳፋውን ገልብጬ ተቀመጥሁበት።

ያኑ ሰኞ፣ ኅዳር ፰ ረፋድ ላይ የኔታ በአንተ ስም ጠሩኝ። ቀጥሎ በሟች እናታችን ስም። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ደም ይዟል። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። እድላዊት የምትባል ነርስ የእጃቸውን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ።

«እትዬ፣ በቀን ምን ያህል ውሃ ይጠጣሉ?»

«ጠዋት ሁለት ኩባያ፣ ማታ ሁለት። እኔው ነኝ የማቀርብላቸው።»

«ሲጠጡ ነው የምታዪው ወይስ ኩባያው ባዶ ሆኖ?»



ግሉኮስ ሰጥተው ማታ መለሱን። እሳቸውን ወንበር ላይ አስቀምጬ አልጋውን ከግድግዳው ሳብሁት። ምርጊቱ ከሥሩ ጀምሮ እስከ ክንድ ከፍታ ርሷል፤ በጣቴ ብነካው ተናደ። ከአንድ ሳምንት በላይ ውሃቸውን ግድግዳውን ሲያጠጡት ነበር።

«ለምን፣ የኔታ?» አልሁ።

«ቁጠሪ።»

«ምኑን?»

«ቀኑን ነዋ። ያስተማርሁት ልጅ ያልቆጠረውን። ነገ ማክሰኞ ኅዳር ዘጠኝ ነው፣ ታጥቢያለሽ። ዓርብ ሚካኤል። ማክሰኞ ኪዳነ ምሕረት። ዓርብ ገብርኤል። ማክሰኞ ጊዮርጊስ። ከነገ በኋላ እስከ ኅዳር ሃያ ስድስት ቀን የለሽም።»

ጣቴን እያጠፍሁ ቆጠርሁ። አሥራ ሰባት ቀን።

«ካልጠጣሁ አላረጥብም» አሉ። «ካላረጠብሁ አታጥቢም። ግዝት ጥሰሽ ብትሞቺ ፍትሐት የሚከለክሉሽን ቄሶች ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። ምን እንዳስተማርኋቸው አውቃለሁ።»

ቀለመ ወርቅ፣ አንተ ባሕረ ሐሳብ ታስተምራለህ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል በቃልህ ትናገራለህ። የአንድ ወር ማክሰኞና ዓርብ ግን አልቆጠርህም። የገዘትህ ጊዜ የቀን መቁጠሪያው ከራስህ በላይ ተሰቅሎ ነበር። ቀና ብለህ ብታየው ይበቃ ነበር። አልጋ ላይ የተኙ፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው በጨለማ ቆጥረው የደረሱበትን አንተ ቆመህ ሳትደርስበት ቀረህ።

በማግስቱ ደወልሁልህ። የተባባልነውን አንተ ሌላ አድርገህ ለሰው ሳትናገር አትቀርም፤ እኔ እንደነበረ ልጻፈው።

«ፍታኝ» አልሁህ።

«ግዝት በስልክ አይፈታም። ነይና ንስሐ ግቢ።»

«አባትህን ለማን ትቼ?»

«ለሚካኤል እየተዘጋጀን ነው፤ ደብራችን ሰው ይበዛበታል። ከሚካኤል በኋላ እናያለን።»

«እስከዚያ በውሃ ጥም ይሙቱ?»

«እንዲጠጡ ንገሪያቸዋ! ልብሱንም ሰው ቀጥረሽ አሳጥቢ።»

«በሚካኤል ቀን ማን ያጥብልኛል? ውብነሽ?»

«ኔትወርክ ይቆራረጣል» ብለህ ዘጋኸው። ድምፅህ አጠገቤ የተቀመጥህ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ተስፋሁንም ሄድሁ። «ልጄ፣ ያሰረው ካህን በሕይወት እያለ እኔ ልፍታ አልልም፤ እሱኑ ለምኚው» አሉኝ። እንዳንተ አልጮኹም። እንዳንተው ምንም አላደረጉም።

ማክሰኞና ረቡዕ እፊታቸው ቆሜ አስጠጣኋቸው። በሁለቱ ሌሊት ሦስት አንሶላና አንድ ጋቢ ረጠበ፤ ጥግ ላይ ከመርሁት። ሐሙስ ጠዋት ክምሩን አዩትና አፋቸውን ገጠሙ። በማንኪያ ብሞክር ማንኪያውን ነከሱት። ሌሊቱን ሙሉ ምላሳቸው ከላንቃቸው ሲላቀቅ ድምፁን ሳዳምጥ አደርሁ።

ዛሬ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ሚካኤል ሲወጣ ሳፋውን አውጥቼ ውሃ ሞላሁ። ሳሙና በጠበጥሁበት። የመጣው ይምጣ ብዬ እጄን ልነክር ስል ከውስጥ «መስታወት!» አሉ። እንዲህ ያለ ድምፅ የቀራቸው አልመሰለኝም ነበር።

«እጅሽን ብታስገቢ እህልም አልቀምስም!»

እጄን ሰበሰብሁ። ገብቼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ።

«እሺ፣ አላጥብም» አልሁ። «ቀለመ ወርቅ ያጥባል።»

«ማን?»

«ልጅዎ። የገዘተው የእኔን እጅ ነው፤ የራሱን አይደለም። ትናንት ተነጋግረናል። ግዝቱን መጥቼ እስክፈታ ድረስ አንሶላውን ላኪልኝ፣ እኔ አጥባለሁ ብሏል።»



«ቀለመ ወርቅ? በእጁ?»

«በእጁ።»

«ሳሙና ያበዛል» አሉ። «አጥርተሽ አለቅልቂው ብለሽ... አለቅልቀው ብለሽ ጻፊለት።»

ከዚያ ኩባያውን ጠየቁኝ። ሁለት ጠጡ፤ እያንዳንዱን ጉንጭ ቆሜ አየሁ።

ዋሽቼያቸዋለሁ። ግዝትህ ስለ ውሸት የሚለው የለም። ውሸቱን እውነት ማድረግ የአንተ ፋንታ ነው። ካላደረግኸው ይደርሱበታል፤ ከደረሱበት ደግሞ ምን እንደሚያደርጉ አሁን ታውቃለህ። ከእንግዲህ አላውቅም ነበር ማለት አትችልም። ይህን የጻፍሁት ለዚያ ነው።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ጆንያ ይደርስሃል። ሦስት አንሶላና አንድ ጋቢ፣ እንደረጠበ። ዓለሚቱ እንዳትነካው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው፤ ሙቅ ውሃ ሽታውን ያስቀረዋል። ውሃውን ሁለት ጊዜ ቀይር። ጋቢውን አትጠምዝዘው፣ እየተጫንህ አውጣው። የኔታ እንዳሉህ አጥርተህ አለቅልቅ። በየትኛው ቀን እንደምታጥበው እኔ አልነግርህም፤ አንተ ቁጠር። ሰኞ ይህን ባመጣልህ መኪና መልስልኝ፣ ሌላ ጆንያ እልክልሃለሁ። መጥተህ እፊታቸው፣ እሳቸው እየሰሙ እስክትፈታኝ ድረስ ጆንያው አይቋረጥም። ሾፌሩ አስቻለው ይባላል። ቤትህ ሳይሆን ደብርህ በር ላይ እንዲያወርደው ነግሬዋለሁ። ሰው ይበዛበታል አላልህም?

ይህን የመጨረሻውን መናኸሪያ ሆኜ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። አስቻለው ጆንያውን አነሣና ፊቱን አዞረ።

«እትዬ መስታወት፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«የቄስ ቀለመ ወርቅ ዕቃ ነው።»

«ሸተተ እኮ!»

«ያውቀዋል።»

«ከሰው ጋር አልጭነውም፣ ከላይ ነው የማስረው። እስካስረው ቆመሽ ጠብቂ፤ ኋላ ወደቀ፣ ጠፋ ብትዪኝ አልሰማሽም» ብሎ መሰላሉ ላይ ወጥቷል። ገመድ አቀብዪኝ እያለ ይጮህብኛል።

ሌላ ሰው ያቀብለው። የኔታ ብቻቸውን ናቸው፤ ሁለት ኩባያ ጠጥተዋል፣ እስካሁን ረጥበዋል። ሄድሁ።

እኅትህ
መስታወት ወልደ ጊዮርጊስ