«እኔ ነኝ» ያልኩበት በር

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 9፣ ጠዋት 7:15

ትናንት 5:37 ፒኤም ላይ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ በር ላይ ቆሜ «እኔ ነኝ» አልኩ። ነገር የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ሰዓቱን ያወቅኩት ከበሩ ካሜራ ነው።

ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነበርኩ። የእማዬን ዩኒፎርም እያጣጠፍኩ። መስታወት ሲሰበር ሰማሁ። ቅርጫቱን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ዝናብ ስለነበር ኮፍያዬን አጥልቄያለሁ። ከእ/አልማዝ በር አጠገብ ያለው ጠባብ መስኮት ረግፏል፤ ስብርባሪው ደጃፉ ላይ። አንኳኳሁ። ከውስጥ እ/አልማዝ፣ «ማነው?» «እኔ ነኝ።»

አልተከፈተም።

ከራት በፊት ቪዲዮው የግቢው ግሩፕ ላይ ተለቀቀ። ዘጠኝ ሰከንድ። ስብርባሪ። ኮፍያ ያጠለቀች ሴት። «ማነው?» «እኔ ነኝ።» ከሥሩ የግሩፑ መሪ ጋሽ ፍቅሩ ጽፈዋል፦ «በገዛ አንደበቷ አመነች።»

ደብተሬ፣ ሳቅሁ። እውነቴን ነው። ከዚያ እማዬን አየኋት። አልሳቀችም።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 10

እንዴት እዚህ እንደደረስን አንቺ እንኳን ከእኔ ስሚ።

ሦስት ሳምንት ሆነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያደግኩበት የአፓርታማ ግቢ። አመሻሽ ላይ፣ ሰው ከሥራ ሲመለስ፣ መስኮት ይመታል። ሦስት መስታወት እውነት ተሰብሯል፣ የማክሰኞውን ጨምሮ። ፖሊስ መጣ፣ ሪፖርት ጻፈ፣ ሄደ። ድንጋይ ሲወረውር የታየ ሰው የለም። ከመጀመሪያው በኋላ ግን በየቀኑ አንድ ቤት «እኛንም መቱን» ይላል። የተወዛወዘ መጋረጃ። ኳ ያለ ነገር። የእ/አልማዝ ሳሎን መስኮት ላይ እንደ ኮከብ የፈነጠቀ ስንጥቅ፤ ሰው እየመጣ ፎቶ ያነሳዋል። ግማሹ የሚጠሉን ሰዎች ናቸው ይላል። ግማሹ ጸበል ይረጭ ይላል።

ባለፈው ሳምንት ግሩፑ ላይ ድምፄን ቀድቼ ላክሁ። ፐብሊክ ኸልዝ ተምሬ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፍርሃት ከሰው ወደ ሰው እንደሚጋባ፣ የፈራ ሰው ድሮ የነበረውን ስንጥቅ ዛሬ የመጣ እንደሚመስለው ላስረዳ ብዬ። ቃሉ በአማርኛ እምቢ አለኝ። «የጅምላ እብደት» አልኩ። እብደት! በቃ፣ «እብዶች አለችን» ሆነ። ይሄኛው የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

የዛሬው ወሬ ደግሞ፦ መስኮት የምሰብረው ለጥናቴ ነው። ፈርተው ሲሯሯጡ አይቼ ልጽፍባቸው።

እማዬና እ/አልማዝ አንድ ነርሲንግ ሆም ነው የሚሠሩት፤ አረጋውያን ይንከባከባሉ። አስራ ስምንት ዓመት በእ/አልማዝ መኪና አብረው ሄደዋል። ዛሬ ጠዋት መኪናዋ ቦታዋ ላይ የለችም። እማዬ በአውቶቡስ ሄደች። ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እማዬ! ጫማዋን ሳታወልቅ!

ዓርብ፣ ኦክቶ. 11፣ 4 ፒኤም

ከቤት ነው የምሠራው። ምንም አልሠራሁም። ግቢውን አያለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ። ከት/ቤት መልስ በር ለበር እዞራለሁ፤ የሰው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አነባለሁ። ከኢሚግሬሽን የመጣውን፣ ከት/ቤት የመጣውን። መብራት ሊቆረጥ ነው የሚለውን ከፒዛ ማስታወቂያ የምለየው እኔ ነኝ። አንኳኳለሁ። «ማነው?» «እኔ ነኝ።» ስም አልናገርም። ስም የሚናገር እንግዳ ነው። ድምፄ ይበቃ ነበር። በሩ ይከፈታል፣ ፖስታዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፣ አጠገባቸው የተላጠ ብርቱካን። እጄ ሲሸት ውሎ ያድር ነበር። አሁንም ብርቱካን ስልጥ ደብዳቤ ይሸተኛል።

ጋሽ ፍቅሩ ያኔ ታክሲ ይነዱ ነበር። ለሲቲዝንሺፕ ፈተና ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ። ሴናተሮች ስንት ናቸው ብዬ ሰባት ጊዜ ጠየቅኳቸው፣ ሰባት ጊዜ ተሳሳቱ። በስምንተኛው፣ «ቆይ፣ ይሄን ያህል ሰው ምን ይሠራል?» አሉኝ። ፈተናውን ሲያልፉ ከታክሲው ወርደው በሩን ከፈቱልኝ። «ዶክተራችን፣ ግቢ» ብለው። ግቢውን ሁለት ጊዜ አዞሩኝ።

እ/አልማዝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎናቸው መስኮት ሥር አስቀምጠው ፀጉሬን ይሠሩኛል። እኔ አለቅሳለሁ፤ እሳቸው ሳይለቁ ያባብሉኛል። «ተምረሽ ታኮሪናለሽ» ይሉኝ ነበር።

ተማርኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶ. 12፣ አሌክሳንድሪያ

አክስቴ ትርሲት ጋ መጣሁ። የእማዬ ታናሽ፤ ከወንዙ ማዶ ነው የምትኖረው። በሩን ከፍታ እንዳየችኝ «ወይኔ መስኮቴን!» ብላ እጇን ዘርግታ መንገድ ዘጋችብኝ። ሰባተኛ ፎቅ ነው የምትኖሪው አልኳት። «ማስተርስ ላላት ሰው ሰባተኛ ፎቅ ምኗ ነው?» ከማክሰኞ ወዲህ ዛሬ ሳቅሁ።

ቪዲዮው እዚህም ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ከእሷ ሕንፃ ሁለት ቤት «እኛም ጋ ጀመረ» ብለዋል። ድንጋዩ ወንዝ ተሻገረ።

ግን ላልዋሽሽ። ኩሽና ውስጥ ውሃ እየቀዳሁ መስታወቱ ጠቅ አለ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን አገኘሁት፣ ብርጭቆውን ደረቴ ላይ ይዤ። ትርሲት መጋረጃ ስትስብ ቀለበቷ ነክቶት ነው። ያውም እኔ! ስለዚህ ማንም ላይ አልስቅም።

ከምሳ በኋላ አልበም አወጣች። አሥረኛ ልደቴ። እ/አልማዝ ሳሎን፣ ያው መስኮት ሥር። ፀጉሬ ተሠርቷል፣ ሁለት ጥርስ የለኝም። ከኋላዬ መስታወቱ ላይ ኮከቡ አለ። ያው ስንጥቅ። ጣቴን ደግሞ መሀሉ ላይ አድርጌያለሁ። ሁልጊዜ አደርግ ነበር! ፀጉሬ ሲሳብ እሱን እየነካሁ ነበር የምችለው። እኔም ረስቼው። ሁላችንም ረስተነው።

6:00 – እማዬ ደወለች። ግቢው ውስጥ ሌላ መስኮት ተሰበረ፣ አሁን። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝ አፈርኩ። እኔ አሌክሳንድሪያ ነኝ! ነጻ ወጣሁ!

6:20 – ጋ/ፍቅሩ ግሩፑ ላይ፦ «አባሪ አላት።»

ሰኞ፣ ኦክቶ. 14

ጋ/ፍቅሩ የያዙትን የጥቃት ዝርዝር ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። አስራ ዘጠኝ። ማንም ልብ ያላለው፦ ልጆቹ ሰዓት የሚጽፉት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፣ ትልልቆቹ በእኛ። አንዷን ኳኳታ ልጅ «5 ሰዓት» ብላ ታስመዘግባለች፣ እናት «11 ሰዓት» ብላ። አንድ ቤት በአንድ ቀን ሁለቴ ተመታ ማለት ነው። ስድስቱ እንዲህ ናቸው። «ቀንም ማታም አላስቀምጥ አሉን» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

የቀሩት አስራ ሦስት። ከነሱም ኮከቡ ድሮ የነበረ ነው። ሌሎቹን ስንጥቆችም ማን ድሮ አያቸው?

አራቱ ግን አራት ናቸው። አራት መስታወት ሰው ሰብሯል። ማን? ለምን? አላውቅም። አውቃለሁ ብዬም አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 16፣ 7 ፒኤም

ጋ/ፍቅሩና አንድ ሌላ ሽማግሌ ቤት መጡ። ቁጭ አሉ። ስለ አየሩ፣ ስለ እማዬ ወገብ ሕመም። ከዚያ ነገሩ፦ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ 1 ፒኤም ላይ፣ የግቢው አዳራሽ ሰው ይሰበሰባል። ተነስቼ አጥፍቻለሁ እላለሁ። እ/አልማዝ ይስሙኛል። ለፖሊስ የሚናገር የለም። እማዬም እንደ ድሮዋ ትሆናለች። ለሰላም ሲባል።

ዝርዝሩን አወጣሁ። ጋ/ፍቅሩ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አዩት፣ መለሱልኝ። «አንቺ መቼም ቁጥር ታውቂያለሽ።» ሴናተሮቹን ላነሳባቸው ነበር። ተውኩት። የእሳቸው ቤት ከአራቱ አንዱ ነው።

ለሰላም ሲባል። ለሰላም ሲሉ። ስሜ ሰላም መሆኑን ረስተውታል መሰለኝ፤ ለእኔ ሲል ምንም ያደረገ የለም።

ከሄዱ በኋላ እማዬ በይውና ይለቅ አለችኝ። «መኪናውስ ይቅር፤ ምሳ ብቻዬን ነው የምበላው» አለች። «አልማዝ ትሪዋን ይዛ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች» አለች። ይሄን ስትለኝ ወደ ግድግዳው እያየች ነው።

ልለው ነው። ለእማዬ ስል ልለው ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶ. 18

ከማለቴ በፊት አንድ በር ልሞክር አልኩ። ፎቶውን ይዤ እ/አልማዝ ጋ ሄድኩ። በተሰበረው መስኮት ቦታ ካርቶን ተለጥፏል። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

እግራቸው ሲጎተት ይሰማኛል፤ በሩ ጋ ደርሰዋል። በመሀላችን ሳንቃው ብቻ።

«ማን ልበል?»

ማን ልበል። ስልክ ለተሳሳተ ሰው የሚባለው። ሺህ ጊዜ ያንኳኳሁት በር፣ ሺህ ጊዜ ያወቁት ድምፅ። ስሜን ብናገር ይከፍቱልኝ ይሆናል። ስም የሚናገር ግን እንግዳ ነው። ፎቶውን በበሩ ሥር አሾልኬ ተመለስኩ። ደረጃው ላይ አለቀስኩ። አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶ. 19፣ 5 ፒኤም

የእ/አልማዝ ልጅ ፎቶውን ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። በኮምፒውተር የተቀነባበረ ነው ብላ። ስንጥቁን ከዛሬው መስኮት ገልብጬ ድሮው ላይ እንደከተትኩት። ሃምሳ ሰው ልብ ሰጣት።

እማዬ አሳዪኝ አለችኝ። አሳየኋት። ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ግሩፑ ላይ ከ«እንኳን አደረሳችሁ» ሌላ ጽፋ የማታውቅ ሴት። መቅጃውን ተጫነችው።

«አልማዝ፣ ስሚኝ። ይሄን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ልጅቷን ጣትሽን ከመስታወቱ አንሺ ብዬ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ተያት፣ ኮከቧ ነው ያልሽኝ። ከኬኩ ላይ ሻማውን ጠቅልለሽ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ። እኔ ነኝ! ያነሳሁት እኔ ነኝ!»

ላከችው። ስልኩን መለሰችልኝ። ሩዝ ልትጥድ ገባች።

ከእ/አልማዝ ስም ሥር «እየጻፈ ነው» ይላል። ይጠፋል። ደግሞ ይመጣል። ይጠፋል። እስከ 4:30 ድረስ አየሁት። ምንም አልመጣም።

እሑድ፣ ኦክቶ. 20፣ 12:35 ፒኤም

እማዬ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ጋ ቆማለች። አብሬሽ እመጣለሁ አለች። ያላደረግሽውን አደረግኩ ካልሽ ግን እዚያው ጥዬሽ ነው የምመጣው። ሰኞስ? ምሳሽስ? አልኳት። መጽሐፍ ይዤ እሄዳለሁ አለች። እማዬ መጽሐፍ!

የምለውን ልጻፍ፣ ሰው ፊት እንዳይጠፋኝ።

ስለ «እብደት» ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቆሜ፣ ሁሉንም። የፈራ ሰው እብድ አይደለም፤ እኔም ኩሽና ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ዝርዝሩን አነባለሁ። አራቱን ማን እንደሰበራቸው አላውቅም እላለሁ፤ እናንተም አታውቁም እላለሁ። ጋ/ፍቅሩ አባሪሽ ማነው ካሉኝ፣ እናቴ ናት እላለሁ።

ከዚያ ወዲያ በቃ። ያልወረወርኩትን ድንጋይ ለማንም ሰላም ብዬ አልሸከምም። ሲፈልጉት የሚያኮራ፣ ሳይፈልጉት የሚያስከስስ ትምህርት የለኝም። እናቴ የራሷን ልጅ ሸጣ ምሳ የሚበላላት ሰው እንድታገኝ አልፈቅድም። ደብዳቤያቸውን ባነበብኩበት፣ ፀጉሬን በተሠራሁበት፣ ጥርሴን በነቀልኩበት ግቢ ውስጥ፣ በማንም በር ላይ ከእንግዲህ «ማን ልበል?» መባልን አልቀበልም።

እማዬ ተጣራች። በሩን ከፍታዋለች። ደረጃው ላይ የሰው ድምፅ አለ፣ እ/አልማዝ መሰሉኝ፣ እማዬ «ማነው?» እያለች ነው፣