የመሐሉ ገጾች

ጥር 7

ቁጥር 40ን ዛሬ ጨረስኩት። ጨረስኩት ስል... እንደ ልማዴ ነው። የመጀመሪያውን ሠላሳ ገጽ፣ የመጨረሻውን ሠላሳ ገጽ። አሥራ አንድ ዓመት ለአሳታሚው ድርጅት ረቂቅ ሳነብ የተማርኩት ይህንን ነው። ጫፍና ጫፉ ከታወቀ መሐሉ አይጠፋም።

የታሪክ ልብ ወለድ ነበር። ንጉሡ ሲሞት ዘነበ። እስካሁን ባነበብኩት ሁሉ ንጉሥ በፀሐይ ሞቶ አያውቅም። ደግሞ ሰዉ ሁሉ በተረትና ምሳሌ ነው የሚያወራው፤ ውሃ ስጡኝ ለማለት እንኳን ሁለት ምሳሌ። ድሮ ጥርሱን የሚያመው ሰው አልነበረም? ጫማ የሚጠበው? ሚስቱ ምን ግዛ እንዳለችው የሚረሳ?

አስተያየት፦ አይታተም። ምክንያት፦ የሞኝ ለቅሶ፣ መልሶ መላልሶ። የቢሮው ጸሐፊ ስትተይበው ሳቀች። "እትዬ፣ ለመሆኑ ወደሽው የምታውቂው መጽሐፍ አለ?" አለች። አስቤ ልነግራት ብዬ ረሳሁት።

ቁጥር 41ን ሰጠችኝ። የደራሲው ስም ያለበትን ገጽ ገንጥላ መሳቢያዋ ውስጥ ትቆልፍበታለች፤ በቦታው ቁጥር ትለጥፋለች። ዝምድናና ትውውቅ እንዳይገባ። ጥሩ ሕግ ነው።

ጥር 9

41ን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጀመርኩ። ለአንድ ንጉሥ ድንኳን የሚሰፋ ሰው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሁለት ሴት ልጆች። የቤተሰብ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ እናትየዋን ቶሎ ይገድላታል፤ ከመንገዱ ዞር እንድትልለት። የኛም እናት ቶሎ ነው የሞተችው፤ ግን ለማንም ደራሲ ብላ አይደለም።

ደራሲው መርፌ ሥራውን ያውቀዋል፣ አይካድም። ድንኳን ሰፊው ክሩን ሰም ያስነካል፣ የሸራውን ጠርዝ ሁለቴ አጥፎ ይሰፋል፣ ጣቱ ላይ ቁራጭ ቆዳ ይጠቀልላል። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ በዚህ በኩል አልሸወድም። አባባ ቢያነበው "ይሄ ሰውዬ ተወግቶ ያውቃል" ይል ነበር።

ገጽ 19 ላይ ክብሪት አለ። በዚያ ዘመን ክብሪት? በእርሳስ አከበብኩት። ደስ አለኝ። ስህተት ሳገኝ ለምንድነው ደስ የሚለኝ?

ጥር 10

የመጨረሻው ሠላሳ። ታላቂቱ ልጅ ደረቅ ናት። ትእዛዝ ብቻ። ታናሽየዋ ከብዙ ዓመት በኋላ ስትመለስ ቆማ ታያታለች። ከዚያ ገጽ 288 ላይ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። እንዴት? ከየት የመጣ እንባ?

የቤተሰብ ልብ ወለድ ትልቁ ውሸት ይሄ እርቅ ነው። እኔና ታናሽ እህቴ አባባ ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ ተነጋግረን አናውቅም። ስድስት ዓመት። ማንም አልወደቀም፣ ማንም በሩ ላይ ተንበርክኮ አላለቀሰም። ስልኩ ዝም ይላል፣ እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ግን የለም። ማን ያነብለታል?

አስተያየቴን ጻፍኩ፦ "አይታተም። ታላቂቱ ልጅ ሰው አይደለችም። ደራሲው ታላቅ እህት በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እርቁ ከሰማይ የወረደ ነው።" ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቤቴ ነበርኩ።

ጥር 13

ዘነበ። ማንም ንጉሥ አልሞተም።

ጥር 14

ለራሴ አንድ ወፍራም የቤተሰብ ልብ ወለድ ጀምሬ ነበር። ፊት ለፊቱ ላይ የዘር ሐረግ ሥዕል አለው፤ አርባ ሁለት ሰው። ቆጠርኳቸው። ይህንን ሁሉ ሕዝብ ማን ያስታውሳል? የሠርግ ጥሪ ይመስላል።

አያትየው ገጽ 50 ላይ ታመሙ፣ ገጽ 52 ላይ ሞቱ። በሁለት ገጽ! ንጹሕ አንሶላ፣ ረጋ ያለ ኑዛዜ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማን ነው አንሶላውን ያጠበው? አንድም ደራሲ ይህንን ሲመልስ አላየሁም። መጽሐፉን ዘጋሁት።

ጥር 17

አርታዒው ጠሩኝ። ከጀርባቸው "ጋሼ ሰረዝ" እንላቸዋለን፤ አንድ ሰረዝ ሳይጨምሩ ያሳለፉት ገጽ የለም። ሁለተኛው አንባቢ፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ 41ን አወድሰውታል። እሳቸው ለሁሉም ያለቅሳሉ፤ የስልክ ማውጫ ቢሰጧቸውም ሳያለቅሱ አይመልሱም። ይህንኑ ተናገርኩ።

"መሐሉን አንብበሽዋል?" አሉኝ።

"እንዴታ።"

"ታዲያ ስለ ዋንጫው ምን ትያለሽ?"

"የቱ ዋንጫ?"

መነጽራቸውን አወለቁ። እጅ ከፍንጅ። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው... መያዙ ማለቴ ነው። "ልጄ፣ ይዘሽው ሂጂ" አሉ። "ከሠላሳ አንድ ጀምሪ።" ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ። ጸሐፊዋም ሰምታለች፤ ስወጣ ቀና ብላ አላየችኝም።

ጥር 18

ገጽ 88። ዋንጫው።

ድንኳን ሰፊው ሲቆጣ አይጮህም። ዋንጫውን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ይደፋዋል። ዋንጫው እስኪቃና ድረስ ቤት ውስጥ ማንም ትንፍሽ አይልም። ልጆቹ በዓይናቸው ይነጋገራሉ። አንድ ቀን ታናሽየዋ አላስችል ብሏት ዋንጫውን ራሷ ታቃናዋለች። አባትየው ሲገባ ታላቂቱ "እኔ ነኝ" ብላ ቅጣቷን ትወስድላታለች።

አባባ የሚደፋው ብርጭቆ ነበር። ከንፈሩ የተሸረፈ ወፍራም የሻይ ብርጭቆ። እህቴ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷ አቃናችው፣ "እኔ ነኝ" ያልኩት እኔ ነኝ። ይህንን ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ የለም። አንዱ ሞቷል።

ወረቀቱን አስቀምጬ እጄን ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ እንጃ።

ስለዚህ የንጉሡ ድንኳን የኛ ቤት ነው። እህቴ የድሮ ልብስ አልብሳ አምጥታዋለች። እዚህ እንደምሠራ ታውቃለች... ሌላ አሳታሚ ጠፍቶ ነው? እኔ ደግሞ ሁለት ሴት ልጆች፣ የሞተች እናት፣ መርፌና ሰም እያየሁ ክብሪት ስፈልግ ነበር። "ታላቅ እህት በዓይኑ አይቶ አያውቅም" ያልኩት ለገዛ እህቴ ነው። "ሰው አይደለችም" ያልኩት ደግሞ... ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ጥር 19

ገጽ 143። በሩ።

ድንኳን ሰፊው በገዛ ድንኳኑ ውስጥ ሊሞት ነው። ታናሽየዋ ከሩቅ አገር ትደርሳለች። ታላቂቱ ደጃፉ ላይ ቆማ "ተኝቷል" ትላታለች። ታናሽየዋ ትመለሳለች። በሦስተኛው ቀን አባትየው ይሞታል። ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ ምክንያቱ ይወጣል፦ አባትየው ራሱ ነው "እንደዚህ ሆኜ እንድታየኝ አልፈልግም፤ አታስገቢያት" ብሎ ታላቂቱን ያስማላት። እሷም መሐላዋን ጠብቃ፣ ጨካኝ ተብላ ትኖራለች። ገጽ 288 ላይ የሚላቀሱት ለዚህ ነው። እርቁ ከሰማይ አልወረደም። መሐሉ ላይ ነበር።

ያምራል። ግን ውሸት ነው።

አባባ አላስማለኝም። ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሳገላብጠው፣ ሳጥበው፣ እሷ የምትልከው ደብዳቤ ነበር። "አይዞሽ" የሚል። ሻንጣዋን ይዛ የአባባ ቤት በር ላይ ስትቆም ጫማዋን አየሁ። ንጹሕ ነበር። እኔ ያደረግኩት የአባባን አሮጌ ነጠላ ጫማ ነው። "ተኝቷል" አልኳት። አልተኛም ነበር። ድምፃችንን ሰምቶ ከውስጥ በስሟ እየጠራት ነበር፣ በቀጭን ድምፅ። ሦስት ጊዜ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ለማንም ነግሬ አላውቅም። እዚህም ጽፌው አላውቅም።

ጥር 21

ዝም ብል ምን ይመጣል? መጽሐፉ ይታተማል። እኔ ምስኪን፣ ቃሏን ጠባቂ ሆኜ እወጣለሁ። እህቴ ግን አባቷ ሊያያት እንዳልፈለገ አምና ትኖራለች። የከበደኝ ይሄኛው ነው። ሰውዬው እየጠራት ነው የሞተው።

ስለ ታሪክ ልብ ወለድ ሁልጊዜ የምለው ነገር አለኝ። ምስክር በሌለበት ፍጠር፤ ምስክር ካለ ጠይቅ። ለስንቱ ደራሲ ጽፌዋለሁ! አሁን ምስክሯ እኔው ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ብነግራትስ? የስድስት ዓመቱ ዝምታ የዕድሜ ልክ ይሆናል። እፈራለሁ። ይኸው ጻፍኩት። እፈራለሁ።

ጥር 24

ለጋሼ ሰረዝ ከረቂቁ ጋር ሁለት ወረቀት ሰጠኋቸው። አንዱ፦ "ይታተም። የቀድሞውን አስተያየቴን ቅደዱልኝ፤ መሐሉን ሳላነብ ነው የጻፍኩት።" ሁለተኛው፦ "ደራሲዋ እህቴ ናት። የኔ ድምፅ አይቆጠር።"

"ስሙ ተቆልፎበት በምን አወቅሽ?" አሉ።

"በዋንጫው።"

ረቂቁን ገልጠው በእርሳስ የከበብኩትን አዩ። "ክብሪቱስ?" አሉ።

"ክብሪቱ ይውጣ" አልኩ። ተሳሳቅን። አድራሻዋን ጸሐፊዋ ከመሳቢያው አውጥታ ሰጠችኝ፤ ሕጉን ሲጥሱ ያየሁት ዛሬ ነው።

ለእሷ በእጄ ጻፍኩ። አጭር። "ገጽ 19፣ ክብሪቱ ይውጣ። ገጽ 143፣ አባባ አላዘዘኝም። አልተኛም ነበር። ሦስት ጊዜ በስምሽ ጠርቶሻል። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይስተካከል።" ይቅርታ የሚለውን ቃል ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ ሰረዝኩት። ሦስተኛውን ተውኩት። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ።

የካቲት 1

የለም። ደብዳቤ የለም ማለቴ ነው።

የካቲት 4

መጣ። ፖስታው ውስጥ አንድ ገጽ ብቻ። አናቱ ላይ 143 ይላል፤ እኔ ያነበብኩት 143 ግን አይደለም። ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው። ታናሽየዋ ከደጃፉ ከተመለሰች በኋላ ድንኳኑን ዞራ ከኋላ ትቆማለች። በሸራው ውስጥ የአባቷን ድምፅ ትሰማለች። ስሟን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጓዟ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች።

ከግርጌ በእስክሪብቶ፦ "እታለም፣ የአባባ መስኮት ሥር ነበርኩ። ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት ይሄን ነበር። አራት ጊዜ ጻፍኩት። ግን እንዲህ አድርጌ ስጽፈው መጨረሻው ላይ ላቅፍሽ አልቻልኩም፣ እጄ እምቢ አለኝ። መሐላውን የጨመርኩት ለዚያ ነው። አሁን ራስሽ ስለነገርሽኝ ይመለስ እንዴ?"

ታውቅ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። እኔ የደበቅኳት መስሎኝ... እሷ ደግሞ ቁጭ ብላ ምክንያት ስትሰፋልኝ።

አለቀስኩ። ማንም አላየኝም። ለስልክ ማውጫ አይደለም።

የካቲት 5

መልስ ላክሁ። "ይመለስ። እርቁን ቁረጪው።"

የካቲት 12

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እህቴ። ጠጉሯ ሸብቷል፣ ከኔ ቀድማ። ሻንጣ የለም፤ ረቂቁን ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ሳላስበው ጫማዋን አየሁ። ጭቃ ነው።

"ተኝተሽ ነበር?" አለች።

"አልተኛሁም። ግቢ።"

ስለ ሌላ ነገር አላወራንም። ስለ መጽሐፉ ብቻ። "እርቁ ካልወጣ ማንም አያምንሽም" አልኳት። "አንቺ መች ሰው አምነሽ ታውቂያለሽ፣ እታለም?" አለች። እኔ እሰርዛለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። እንደ ልጅነታችን ተነታረክን፤ የታችኛዋ ጎረቤት ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች። በመጨረሻ ተስማማን። ገጽ 143 ላይ እውነቱ ይገባል። መጨረሻው ላይ መተቃቀፉ ይወጣል፤ ታላቂቱ በሩን ትከፍታለች፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

እኛም አልተቃቀፍንም። ሻይ የጠጣችበትን ብርጭቆ አጥባ መደርደሪያው ላይ አፉን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። እኔ ሁልጊዜ ደፍቼ ነው የማደርቀው። አልነካሁትም።

የካቲት 16

ቁጥር 46። የታሪክ ልብ ወለድ። ከገጽ አንድ ጀመርኩ። ገጽ 9 ላይ ደመናው ከበደ፤ ንጉሡ ገና ሳያስነጥስ። ተነስቼ ሻይ አፈላሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስልኩ ጮኸ። እህቴ።

"የት ደረስሽ?"

"አሥራ አንድ።"

"ደባሪ ነው?"

"በጣም።"

"ታዲያ?"

"አሥራ ሁለት ልገባ ነው።"