አንድ ደብዳቤ በሦስት ፕሮግራም

መካ፣ ዛሂር ሰፈር

ለውድ አክስቴ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ዓይንሽስ? ክረምቱ በደህና ወጣላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከአባዬ መጉደል በቀር ደህና ነን። የአርባውን ሰደቃ አውጥተናል፤ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ መጥቶ ዱዓ አድርጎለታል። ይህን የሚያነብልሽ ልጅሽ ዙበይር መሆኑን አውቃለሁና ለእሱም ሰላምታዬ ይድረሰው። አማርኛዬን እዚሁ መካ ከአባዬ አፍ ነው የለቀምኩት፤ ስሳሳት ታገሡኝ።

በስልክ "ወንድሜ ለእኔ የጻፈው ነገር የለም ወይ?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አለ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ብዕር ትቶ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጣት ነበር የሚጽፈው። አንድ መስመር እስኪጨርስ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል፤ እኛም እንስቅበት ነበር። እሱ ሲሞት ኮምፒውተሩም አልነሣ አለ። ጅዳ፣ ሰቢል ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ዘከሪያ የሚባል የወሎ ልጅ አለ፤ እሱ ነው ጽሑፉን ከውስጡ አውጥቶ በፍላሽ የሰጠኝ።

መጀመሪያ መሥሪያ ቤቴ ባለው ፕሮግራም ከፈትኩት። የእኛን ፊደል አያውቅም መሰለኝ፣ ገጹን ሙሉ ባዶ ሳጥን ደረደረልኝ። አባዬ ሞቶም ገመናውን ይደብቃል ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ቀጥሎ በኢንተርኔት የሚሠራውን ሞከርኩ። እሱ ግሩም ነው፤ ፊደሉ ያማረ፣ መስመሩ የተስተካከለ፣ ለማተም የሚመች። ሦስተኛው ዘከሪያ በነፃ የጫነልኝ ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ፊደሉን ያጨናንቃል፣ አንቀጹን ካለቦታው ይቆርጠዋል። ለሥራ ቢሆን ማንም አይመርጠውም። አንድ ነገር ግን ያደርጋል፦ ጸሐፊው የሰረዘውን ሁሉ በቀይ፣ በላዩ መስመር አስምሮ፣ ከነቀኑ ያሳያል። ዘከሪያን ብጠይቀው፣ አባዬ ሳያውቀው ለውጥ የሚመዘግበውን ነገር ከፍቶት ኖሯል አለኝ።

ስለ ፕሮግራም ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ወደ ነገሩ መግባት ፈርቼ ነው፤ አንቺ ታውቂብኛለሽ።

ያማረው ፕሮግራም ላይ ደብዳቤው እንዲህ ይላል። "እህቴ ሆይ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ በሽር ምንም አልሰማንም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ልጅሽ ባሕር ተሻግሮ፣ በጅዳና በመካ መካከል ያለችው ባሕራ ደርሶ ነበር። ከዚያ ደወለ። ስልኩን እኔ አንስቼ፣ ተሳስተሃል ብዬ ዘጋሁበት። ለቤቴ ፈርቼ ነው። በማግሥቱ አብሮት የነበረ ልጅ ደውሎ፣ በሽር በእግሩ ወደ እኛ መነሣቱን ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ከመሞቴ በፊት አፉ በይኝ።"

ሦስተኛው ፕሮግራም ላይ "እኔ" ከሚለው በፊት በቀይ የተሰረዘ ስም አለ። ኸውላ ይላል።

አዎ፣ አክስቴ። እኔ ነኝ ያነሣሁት። ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር፤ አባዬ መስጊድ ነበር። በሽር "የአክስትሽ ልጅ ነኝ፣ ባሕራ ነኝ፣ ለአባትሽ ንገሪው" አለኝ። ድምፁ ደርቆ ነበር። በዚያ ሰሞን ወረቀት የሌለው ዘመድ አስጠግተው የተገኙ ጎረቤቶቻችንን ፖሊሶች ከነልጆቻቸው ወደ አገር ቤት አሳፍረዋቸው ነበር፤ የእኛም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማው፣ ሊታደስ ሳምንት ቀርቶት ነበር። በዓረብኛ "ተሳስተሃል" አልኩና ዘጋሁት። መልሶ ደወለ። ስልኩን አጠፋሁት። ሌላ ሰው ያነሣለታል ብዬ ራሴን አታለልኩ። የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበርኩ፣ ልጅ ነበርኩ አልልሽም።

አባዬ አያውቅም ብዬ ነበር የኖርኩት፤ ለካ ያ በማግሥቱ የደወለው ልጅ፣ ስልኩን ሴት አንስታ እንደዘጋችው ነግሮት ይሆናል። አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገረኝም። በየሳምንቱ ጁሙዓን ሰግዶ ባሕራ ይሄድ ነበር፤ ጋራዥ ነው የምሄደው ይለናል። መኪና ኖሮን አያውቅም።

ያማረውን ብቻ ልልክልሽ አስቤ ነበር፤ እሱም የፈለገው ያንን ነው። ሦስት ቀን አስቤበት አልሆነልኝም። ለዑምራ መጥተው በሚመለሱት በሐጂ ጣሂር እጅ ሁለቱንም አትሜ ልኬያለሁ።

ዙበይር፣ እዚህ ስትደርስ ለእናትህ ዘለህ አታንብብላት። ወንድምህ ነው፤ አንተም የመስማት ሐቅ አለህ። ብትረግመኝ አልቀየምህም።

አክስቴ፣ ሰባት ዓመት አልሰማንም ማለቱ የአባዬ ጥፋት ነው፤ ስልኩን መዝጋቱ ግን የእኔ ጥፋት ነው። እሱ ያንንም ይዞልኝ ቀብር ገብቷል። እባክሽ አባዬን አፉ በይው። ለእኔ ግን አትቸኩዪ።

አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፤ የቀሩልሽን ያቆይልሽ። አሚን።

የወንድምሽ ልጅ