ለጄኔሬተሩ መራጭ ከመጋረጃው ሰፊ

ለተከበሩ የከተማው የፍሳሽ ጽሕፈት ቤት የዕቃ ግዢ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለትንፋሽዎ ጤና እመኛለሁ። ትምህርቴ ጥቂት፣ ጽሕፈቴም ቀርፋፋ ነውና ቃል ብስት በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

ዜናው የደረሰኝ ዕለት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። እኛ ቤት «ረጅሙ» የምንለው የልጄ የሥራ ባልደረባ የሥራ ቆቡን በእጁ ይዞ በሬ ላይ ቆመ። እማማ፣ ውሃ ይስጡኝ አለኝ፤ ሰጠሁት፤ አልጠጣውም። ብርጭቆውን እንደያዘ ሲያየኝ ተመልሼ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥሁና መስፋቴን ቀጠልሁ። እሱ ሳይናገር እኔ ከሰፋሁ ነገሩ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር።

እርስዎ የሚያውቁትን ለሌሎች አንባቢዎች ስል ልድገመው። ልጄ ከመንገድ ሥር ያሉትን የፍሳሽ ቱቦዎች የምትመረምር ባለሙያ ነበረች። «ዔሊዋ» የምትላትን ባለ ጎማ ካሜራ ወደ ቱቦው ትሰድዳለች፤ ራሷ በሥራ መኪናው ኋላ ተቀምጣ የተሰነጠቀውንና የተደፈነውን በስክሪን ታያለች፤ ረጅሙ ደግሞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ገመዱን ይለቃል። ዔሊዋም ስክሪኑም ያለ ኤሌክትሪክ አይሠሩም። ኤሌክትሪኩን የሚሰጠውን ዕቃ የመረጡት እርስዎ ነዎት፤ የመኪናውን መጋረጃ የሰፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከአንድ ጥፋተኛ ለሌላ ጥፋተኛ በመከባበር የተጻፈ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ምርጫዎ አርቆ አሳቢነት አመሰግናለሁ። ልጄ ባትሪ ይገዛልን ብላ ደጋግማ ጠይቃ ነበር። ዔሊዋ የምትበላው የጥቂት አምፖል ያህል ነው፣ ባትሪ ደግሞ ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው፣ ምስሉን አያንቀጠቅጥብን ትል ነበር። እርስዎ ግን ወፍጮ ለማዞር የሚበቃ የቤንዚን ጄኔሬተር መረጡላት። ባትሪ ከደከመ ሥራ ይቆማል፣ ቤንዚን ግን ሁልጊዜም ይቀዳል ብለዋት ነበር አሉ። እውነትዎን ነው፤ አልቆመም። ረጅሙ ተጣርቶ መልስ ሲያጣ ሮጦ መጋረጃውን ቢገልጥ፣ ልጄ ስክሪኑ ላይ ተደፍታ ነበር፤ ዔሊዋ ቱቦው ውስጥ መብራቷን አብርታ ቆማለች፤ ጄኔሬተሩ ግን በታማኝነት ይሠራ ነበር። ቤንዚኑም ገና አላለቀም።

ሁለተኛ፤ ለመንግሥት ንብረት ስላለዎት ፍቅር አመሰግናለሁ። ጄኔሬተሩ ከመኪናው እንዳይርቅ፣ ቢሰረቅ የተረከበው ሠራተኛ እንደሚጠየቅ የሚናገር ማስታወቂያ አስለጥፈው ነበር። ልጄ ረዘም ያለ የኤሌክትሪክ ገመድ ይሰጠን ብትል በሂደት ላይ ነው ተባለች። ዛሬም በሂደት ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ መንገድ እንዳያደክመው እጸልይለታለሁ። ልጆቹም እንደታዘዙት ጄኔሬተሩን ከመኪናው ኋላ መርገጫ ላይ በሰንሰለት አሰሩት። የጭስ ማውጫውን ወደ ውጭ አዙረውት ነበር፤ ነፋስ ግን ማስታወቂያ አያነብምና ያን ቀን ወደ ውስጥ ነፈሰ። የቤንዚኑን ሽታ ለምዳው ነበር። ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ በጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ግን ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ መስሎ ነው የሚወስደው።

ሦስተኛ፤ ወደ መጋረጃው ልምጣ። የመኪናው የኋላ በር ክፍት ስለሚውል ፀሐይ የስክሪኑን ምስል ታጠፋባት ነበር፤ ማታ ዓይኗ ቀልቶ ትገባለች። እማ፣ አንድ መጋረጃ ብትሰፊልኝ አለችኝ። ከወፍራም ሸራ፣ ያውም በድርቡ፣ ጠርዙ ከበሩ ጋር ግጥም እንዲል አድርጌ ሰፋሁላት። ከታች አንድ ስንዝር ይጉደል፣ ገመዱም ይለፍበት፣ አየርም ይግባበት ብላኝ ነበር። እኔ ግን ያጠረ መጋረጃ የሰነፍ ሥራ ነው፣ ሰው አይቶ ምን ይለኛል ብዬ እስከ ወለሉ አወረድሁት፤ ለገመዱ ብቻ ጠባብ ቀዳዳ ተውሁለት። ስታየው ሳቀችና፣ እማ፣ ይሄማ ለቆሻሻ ውሃ ሳይሆን ለቤተ መንግሥት ነው አለችኝ። እኔም ኮራሁ። ያን ኩራቴን ዛሬ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

የላኩልኝ ደብዳቤ የሞቷ ምክንያት «ጽሕፈት ቤቱ ያልፈቀደው መጋረጃ» መሆኑን ይገልጻል። ስለ ግልጽነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። አልከራከርዎትም፤ ከእርስዎ ቀድሜ በራሴ ላይ ፈርጃለሁ። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ሸራ ጭስ አያወጣም። ጭሱን ከልጄ ማራቅን እርስዎ ከለከሉ፤ መውጫውን እኔ ዘጋሁ። ድርሻዬን ተሸክሜያለሁ፤ ከብዶኛል፤ የእርስዎንም ደርቤ እንድሸከም መጠየቅዎ ለአሮጊት ጉልበት ያለዎትን አድናቆት ያሳያል።

አራተኛ፤ በልጄ ቦታ ሌላ ልጅ ተቀጥራ ከረጅሙ ጋር በዚያው ጄኔሬተር እየሠራች ነው። እርስዎም ሌላ ጄኔሬተር ሊመርጡ መሆኑን፣ ይኸኛው ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ይሻላል ማለትዎን ሰማሁ። ልጄን የገደላት ጩኸት አልነበረም። ሳይጮኽ የሚገድል ከሚጮኸው በምን እንደሚሻል ለእኔ ለመሃይሟ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። ያቺ አዲሷ ልጅ ሰሞኑን ቤቴ መጥታ፣ እማማ፣ ፀሐዩ አላሠራ አለኝ፤ ለኔም ይስፉልኝ አለችኝ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኋትና ነገሩን ሁሉ ነገርኋት፤ እምቢም አልኋት። ሌላ ሰፊ ግን እምቢ አይላትም፤ ፀሐይዋም ነገ ትወጣለች።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ፤ በዚህ ቃሌ ውስጥ ሽሙጥ የለም። ባትሪ ይግዙላቸው። እስኪገዛም ድረስ ጄኔሬተሩ ረጅም ገመድ ተሰጥቶት፣ ከመኪናውም ከጉድጓዱም ርቆ፣ ጠባቂ ተቀምጦለት ይሥራ። ቢሰረቅ ልጅቷን ሳይሆን እኔን ይጠይቁኝ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ የቢሮዎ መስኮትም ዘወትር ክፍት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የሟች እናት፣ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ለልጄ መታሰቢያ በአዳራሽዎ በሰበሰቡን ዕለት መብራት ሲጠፋ የእርስዎ ድምፅ ማጉያ ሳይቋረጥ መቀጠሉን አስተዋልሁ። ከመድረኩ ሥር ሻንጣ የምታክል ባትሪ ነበረች። የድምፅ ሠራተኛውን ብጠይቀው፣ ከተገዛች ቆይታለች፣ ለስብሰባ ብቻ ነው የምትወጣው አለኝ። አጠገቤ የነበረውን ረጅሙን፣ ይህቺ ዔሊዋን ትችላታለች ወይ አልሁት፤ እስከ እኩለ ቀን ታሠራታለች አለና አንገቱን ደፋ። ስለ ልጄ ያደረጉት ንግግር እጅግ ያማረ ነበር፤ አንድም ቃል አልተቆረጠብኝም።

እናንተ ይህን ያነበባችሁ ወገኖቼ ግን፣ እኔን ተዉኝና ለልጄ ጸልዩላት፤ ነፍስ ይማር በሉልኝ።