የሰንጠረዥ ሰባት እርማት

ውድ ስዩም፣

በሐበሻው ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ የሚወራውን ሰምቻለሁ። «እትዬ ሮማነወርቅ መርሳት ጀምረዋል፤ መኪናቸውን እንኳ የት እንዳቆሙት አያውቁም» እየተባለ ነው። ላርመው። ባለፈው ማክሰኞ ከገበያ ወጥቼ መኪናዬን ሃያ ደቂቃ መፈለጌ እውነት ነው። ያቆምኩበትን ቦታ ግን አልረሳሁም። መንገዱ የሚጠረግበትን ሰዓት የሚናገረውን ምልክት ሳላነብ አቁሜ ስለነበር ተጎትታ ተወስዳለች። ይህ ስህተት ነው፤ መርሳት አይደለም። ወሬው ከማን እንደተነሣም አውቃለሁ።

ለምን እንዳስወራህም አይጠፋኝም። ቅዳሜ የኢትዮጵያውያን ማኅበሩ ሁለታችንን ይሸልማል፤ በዐረብ አገሮች መረጃን ለልማት በማዋል ስላሳለፍነው ሠላሳ ዓመት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ አማኑ ጥናት። እኔ መድረኩ ላይ ወጥቼ ጥናቱ ስህተት እንዳለበት እናገራለሁ ብዬሃለሁ። መርሳት የጀመረች አሮጊት ብትናገር ማን ይሰማታል?

ሠላሳው ዓመት የሚያሳፍር አልነበረም። ሰንዓ ሳለን የጉድጓዶቹን መዝገብ ከመንደሮቹ ሕዝብ ቁጥር ጋር አመሳክረን፣ የውኃ ቦቴዎቹ መንገድ ዳር ወዳሉት ሳይሆን ወደ ጠማቸው እንዲሄዱ አድርገናል። በዚያ አቧራ ኮምፒውተሩን በኮትህ ጠቅልለህ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ጭንህ ላይ ይዘኸው ስትጓዝ አየሁህ። ካይሮ ላይ ለጠየቅኸኝ ጥያቄ «እሺ» ማለት ነበረብኝ ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። ያኔ አልነገርኩህም፤ አሁን ነገርኩህ።

ወደ አማን ልመለስ። ዓመቱ 2009 ነበር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ይህችን «በፈረንጅ አቆጣጠር» የምትል ቃል ያኔ ጽፌያት ቢሆን ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ ነበር። በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶችን ስናስጠይቅ ፓስፖርታቸው አሠሪዎቻቸው እጅ ስለነበር የልደት ዓመታቸውን በቃል ተቀበልን። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። «የልደት ዓመት» ብዬ ጻፍኩ፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልጻፍኩም። ጠያቂዎቹ የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ከየት ያውቁታል? እኔና አንተ ግን በመስከረም ዓመት ሲለወጥ እያየን ያደግን ሰዎች ነን። የእኛ ልጆች በእኛ አቆጣጠር መለሱ፤ እኛም ወረቀት ላይ እያንዳንዳቸውን በሰባት በስምንት ዓመት አስረጀናቸው። ከ1,312 ኢትዮጵያውያን መካከል ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆኑት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው ብለን፣ ሰንጠረዥ ሰባት ሥር ሁለታችንም ፈረምን። በዚያ ቁጥር የተነሣ ለልጆቹ የታሰበው መጠለያ አያስፈልግም ተባለ።

ስህተቱን ያሳየችኝ ሰርክ ናት፤ ከገበያው አጠገብ ባለው ምግብ ቤት የምታስተናግደው ልጅ። የሽልማቱ ጥሪ ላይ የጥናቱን ሽፋን አይታ ጮኸች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አማን! እትዬ፣ ስሚኝ፣ እኔም እኮ ተጠይቄያለሁ። ቢጫ ወረቀት የያዘች ሴትዮ ደጅ ላይ አቁማኝ።» አንቱ ማለት ትታለች፤ ታግሻታለሁ።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥራ አምስት።»

«አሥራ አምስት ዓመት የሆናት አንዲትም አልተመዘገበችም» አልኳት፣ በሙሉ ልብ።

«ሶ፣ ዋሸሁ? ሰማንያ ስድስት ነው ያልኳት። በእኛ ነዋ! የፈረንጁን ያስተማረኝ እዚህ አሜሪካ መጥቼ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ዲኤምቪ ነው።»

ከየት እንደመጣችና ትሠራበት የነበረውን ቤት ጠይቄያት፣ ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ቤቴ ገብቼ የድሮውን ዲስክ ከፈትኩ። ከጎጃም የመጣች፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አራት ልጆች የምታሳድግ፤ መስመር 803። ዕድሜ፦ ሃያ ሦስት። ሁሉንም እንደገና አሰላሁ። የሚያጠራጥሩትን አውጥቼ እንኳ አራት መቶ አሥራ ሰባት ልጆች ናቸው።

ስደውልልህ «ሮማን፣ የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ነገር ነው፤ ልጆቹ አድገዋል» አልከኝ።

«አድገዋል፣ ያለ መጠለያ» አልኩህ።

«በስተርጅና ስማችንን ልታጠፊው ነው?» ብለህ ዘጋህብኝ።

ሰንጠረዡ ግን አላረጀም፤ ዛሬም ይጠቀሳል። ባለፈው ወር እንኳ መጠለያ የጠየቁ ሴቶች «የልጆቹ ቁጥር ከግምት የሚገባ አይደለም» የሚል መልስ ተሰጥቷቸዋል፤ ማስረጃው የእኔና የአንተ ፊርማ ነው።

ያስተማሩኝ መምህርት የተሳሳተ መልስ በላጲስ ማጥፋት ይከለክሉን ነበር። «በአንድ መስመር ሰርዢው፤ ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፈሽ ፈርሚበት፤ ስህተትሽ ይታይ» ይሉ ነበር። እኔ እንደዚያ ነው የተማርኩት። ያጠፋሁትን ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ጃጅቻለሁ አልልም። ለሚጠራጠር ሁሉ የልደት ዓመቴን በሁለቱም አቆጣጠር እነግረዋለሁ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ሽልማቱን አልቀበልም፤ እርማቱን አነባለሁ። ከሥሩ የሁለት ፊርማ ቦታ ትቻለሁ። የአንተ ባዶ ከሆነ ባዶውን ለሕዝቡ አሳያለሁ። ብትፈርም ግን አጠገቤ ቁም፤ ደስ ይለኛል።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ የማደርገው ይህን ነው። መኪናዬን አቁሜ ምልክቱን አነባለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ምግብ ቤቱ ሳይከፈት የመዝገቡን ቅጂ ይዤ ሰርክ ዘንድ እገባለሁ። ቀይ እስክሪብቶዬን እሰጣታለሁ። መስመር 803 ላይ ሃያ ሦስትን ሰርዛ፣ ከጎኑ በእጇ አሥራ አምስት ትጽፋለች። ከዚያ የቀሩትን አራት መቶ አሥራ ስድስቱን እኔ እቀጥላለሁ።

ያልረሳችህ፣
ሮማነወርቅ