ቧንቧውን ያፈነዳሁት እኔ ነኝ

ልጄ እታገኝ፣ ከተለየሽኝ እነሆ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን እንደ ወጉ አወጣን፤ ካህናቱም ዘመዱም አልቀረም። ይህን የምጽፈው ቀስ እያልሁ ነው። እጄ ብዕር አልለመደም፤ ከመሠረተ ትምህርት በላይ እንዳልሄድሁ ታውቂያለሽ።

ቤቱ ደህና ነው። አባትሽ የበጎቹን በረት ከነፋሱ አዙረውታል። ወንድምሽ ሞላሌ ከተማ ሥራ ይዟል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። የመሣሪያ ሣጥንሽ አልጋሽ ሥር ነው። መፍቻዎቹ እንዳይዝጉ አልፎ አልፎ ዘይት እቀባቸዋለሁ።

ልነግርሽ የፈለግሁት ግን የቧንቧውን ነገር ነው።

ከቴክኒክና ሙያ ተመርቀሽ እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ የመጣሽ ጊዜ፣ ከቆጣሪው እስከ ጓሯችን ራስሽ ቆፍረሽ መስመሩን ስትቀብሪ ሰው ቆሞ ያይሽ ነበር። ሱሪ ለብሰሽ ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክከሽ። ያን ቀን በልቤ አፍሬብሽ ነበር፤ ውሃው ሲመጣ ተውሁት። ከዚያ ለጎረቤታችን ለአስካለና ለመሪጌታ ቤትም ዘረጋሽ።

የምትነግሪኝን ሁሉ እሺ እል ነበር እንጂ አላምንሽም። ቧንቧው ሲያንጠባጥብ በጨርቅ ይዤ በጉልበት ሳጠብቀው፣ "እማዬ፣ ውስጡ ያለችውን ጎማ እየፈጨሻት ነው፤ ካረጀች ትቀየራለች" ትይኝ ነበር። አንቺ ስትወጪ መልሼ አጠብቀዋለሁ።

ለውርጭ ጊዜም፣ ከመሬት በላይ ያለውን ቧንቧ ደረቅ የጓሳ ሣር አልብሼ በላስቲክ እንድጠቀልል፣ ማታ ከቆጣሪው ዘግቼ የቀረውን ውሃ እንዳፈስ ነግረሽኝ ነበር። ባለፈው ኅዳር ሣሩ አይጥ ያመጣል ብዬ ጣልሁት። በምትኩ እበትና አመድ አቡክቼ ለሰንሁት። ጎተራውን የምንለስነው በዚሁ አይደል፤ ገብስ የሚጠብቅ ልስን ቧንቧ የሚያቅተው አልመሰለኝም። ውሃውንም አላፈሰስሁም፤ ብርድ የሚይዘው ባዶውን ነው ብዬ። ልስኑ ሳይደርቅ ውርጭ ወረደ። ጠዋት ብከፍተው ጠብ የሚል የለም። አንድ ድስት ውሃ አፈላሁና ቸለስሁበት። ቧንቧው ጓ ብሎ ተሰነጠቀ።

አስካለ ድምፁን ሰምታ መጣች። አየችና፣ "ምን ይደረግ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የሴት እጅ ብረት መቼ ያጠብቃል" አለች። ድስቱን ከኋላዬ ደበቅሁ። ሊጠግን የመጣው ባለሙያም፣ "እማማ፣ የፈላ ውሃ አፍስሰውበት ነበር እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። አላፈሰስሁም አልሁት። ልስኑን ሲያይ ደግሞ ጭቃ ተፈናጥቆበት ነው አልሁት። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ።

የተሰነጠቀውን ቀይሮ ሄደ፤ ያንቺ ሥራ ፈነዳ የሚለው ወሬ ግን ሰፈሩ ውስጥ ቀረ። እሑድ ሰንበቴ ላይ አስካለ፣ የእሷ መስመር ሳይፈነዳባት ተቆፍሮ ወጥቶ በሌላ ሰው እንደሚሠራላት ተናገረች። መሪጌታም፣ "እንግዲያው እኛም እናስቆፍር" አሉ። አንቺ በእጅሽ ሠርተሽ የተውሽው ሌላ ምን አለ? እሱን ሊያወጡት ነው፤ ዝም ያልሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጠላው በእጄ እንዳለ ተነሣሁ። የጣልሁትን ሣር፣ እበቱን፣ የፈላውን ውሃ፣ ለባለሙያው የዋሸሁትን፣ ሁሉንም ተናገርሁ። መሪጌታ፣ "ጎተራ ካደረግሽው ክዳኑን ምነው ተውሽ?" ቢሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አስካለ አልሳቀችም። "የሞተ ሰው አማሁ" አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ማክሰኞ አስካለ፣ ማታ በመስመሩ የሚቀረው ውሃ እንዴት እንደሚወጣ ነይና አሳይኝ ብላ ላከችብኝ። ሄጄ አሳየኋት። መሐል ላይ ግራ ቢገባኝ ቆም ብዬ እጅሽ ወዴት ያዞር እንደነበር አሰብሁ፤ መጣልኝ። የእሷም የመሪጌታም መስመር ሳይቆፈር ቀረ።

ልጄ፣ የነገርሽኝን የራሴ እውቀት አስመስዬ አልናገርም። ስለ ቧንቧ የሚጠይቀኝ ሰው በመጣ ቁጥር "እታገኝ እንዲህ ብላኛለች" ብዬ እጀምራለሁ። ስምሽን ለፍትሐትና ለተዝካር ብቻ አልተወውም።

እናትሽ